የመንገዱ ጀርባ

ሚያዝያ ነው፤ በረዶው ሄደ ጉዱን ትቶ፣
እንደ ቁስል ፋሻ ውሉ ተፈትቶ።
ከፖስታ ሣጥኑ እስከ ሂልዲንግ ደጅ ድረስ
ሁለት መቶ ሜትር ዳገት፣ ሆድ የሚያምስ፤
ጎማ በሄደበት ሁለት ቦይ ተቀዶ፣
ጠጠሩ ከመሃል ወደ ዳር ተሰዶ።

እኔ ቬትላንዳ ውስጥ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤
ጉድጓድ ምን እንደሆን ወገቤ ነገረኝ።
ሂልዲንግ ግን ሰማንያ አራት፤ ኩላሊቱ ሰንፎ፣
በሳምንት ሦስት ቀን በሰው ተደግፎ፣
የታክሲውን እጀታ ጨብጦ እንደ ገመድ፣
ደሙን ሊያሳጥብ ነው ሆስፒታል የሚወርድ።
መርፌውን ይችላል፤ ቃል አይተነፍስም፤
ይህቺን ዳገት ብቻ ዳሌው አይችላትም።

«ቲሩ» ነው የሚለኝ፤ ጥሩሰው ነው ስሜ።
ቁልፉን ወረወረው፤ ቀለብኩት ቆሜ።
«መጋዘን ውስጥ አለች፣ ቀይዋ ትራክተር፤
ሣር አጫጅ ብትሆንም አትፈራም ጠጠር።
ምላጩን ቀጥዪላት፣ ሽቦውን አስከትዪ፤
መሃሉን ተዪና ዳር ዳሩን እዪ።»

ምላጩ ዝጎ ነበር፤ ማያያዣ ፒን የለ፤
ትልቅ ሚስማር አጥፌ ሰካሁበት፤ እሱም ቻለ።
ሞተሩን ሳል ያዘው፣ አስነጠሰው፣ መጣ፤
ከወንበሩ ሥር ድመት ዘላ ወጣች በቁጣ።

የመጀመሪያውን ዙር እንደ አውቶቡስ ነዳሁኝ፣
የሰዓት ሰሌዳ ያለብኝ መሰለኝ፤
ምላጩ ጠለቀ፣ አፈሩን ገሸለጠ፤
ጉድጓድ ልደፍን ሄጄ፣ ጉድጓድ በጉድጓድ ተለወጠ።
ዞር ብዬ ሳየው መንገዱ በሙሉ
ቆርቆሮ ጣሪያ ሆኗል፣ እጥፍጥፍ ነው ሁሉ።

መስኮት ተንኳኳ። እሱ ነው፣ በምርኩዙ።
ጉም በለበሰው መስታወት ላይ በሚንቀጠቀጥ ጣት
ቅስት ሣለልኝ፤ ከዚያም መስኮቱን ከፍቶ፦
«መንገድ እንደ ፈረስ ጀርባ ይኑረው እንጂ!
ሆዱን ወደ ላይ ካልሽው ዝናብ ይተኛበታል።
ቆርቆሮውን ደግሞ ፍጥነት ነው የወለደው፤
እግረኛ ሲመጣ ይቅደምሽ፤ አሳልፊው።»

ቀስ አልኩ። ምላጩን ሰያፍ አዘንብዬ፣
አንዱን ጎማ ከሣሩ፣ አንዱን ከመንገድ ጥዬ፣
ዳሩን ስቧጥጠው፣ ከሣሩ ሥር ሥር
ብቅ አለ የጠፋው፣ ያ ሁሉ ጠጠር፤
ቀይ ዳማው፣ ግራጫው፣ የኻያ ዓመት ዕቃ፣
አፈር ተከናንቦ፣ ተኝቶ ሲነቃ።
አንዲት ሴት ከነውሻዋ ቀደመችኝ፤ እጅ ነሣኋት፤
ውሻው ቆሞ ሲሸና ደግሞ እኔ ቀደምኳት።

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይላሉ።
ውኃውን አላውቅም። የፈሰሰ ጠጠር ይታፈሳል፤
ክንዱን ይዘው እንደሚመልሱት ኮብላይ ልጅ
ከዳር ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ደጅ፣
እያጉረመረመ መጣ።

ከኋላ የሚጎተተው ሽቦ የአልጋ ነው፤
ሂልዲንግ ከሚስቱ ጋር አርባ ዓመት የተኛበት።
ኢንየጌርድ ስትሞት ፍራሹን አቃጠለ፤
ሽቦውን ግን «ብረት ነው» አለ፣ «ይሠራል።»
ይኸው ይሠራል፤ ጠጠሩን ያበጥራል፣
እብጠቱን ያስተኛል፣ ስርጉዱን ይሞላል፣
እየጮኸ፤ አልጋ ሳለም እንዲህ ይጮህ ነበር ይሆናል፤
እኔ ምን አውቄ።

ዳምጠው የለንም። ዳምጠው ዝናብ ሆነ፤
እሑድ ሌሊቱን ሙሉ ሲረግጠው አደረ፤
ውኃው ከጀርባው ላይ ግራና ቀኝ ወርዶ
ቦዩን ይዞ ሄደ።

ሰኞ ሚርሳድ መጣ፣ ታክሲውን ይዞ።
ከኋላ ተቀመጥኩ፤ ፈረቃዬ ማታ ነው።
ቁልቁል ስንወርድ፣ ከነጩ በርች ዛፍ አጠገብ
የሂልዲንግ እጅ ተነሣ፣ እጀታውን ያዘ፤
ዓይኑ ተጨፈነ፤ ጥርሱ ተነከሰ፤
ጉድጓዱን ጠበቀው።
ታክሲው አለፈ።
እጁ ግን አልወረደም፤ እስከ ፖስታ ሣጥኑ
ያልመጣውን ነገር እንደያዘ ቆየ።

ከዚያ ዓይኑን ሳይከፍት፣
«ከበርቹ ሥር» አለኝ፣ «ጥቂት ጠጠር ትተሻል።»